ከራውተሩ በላይ የተለጠፈው ቁጥር

ለባልንጀራዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ጎብጠህ መቀመጥህን ካልተውክ አይለቅህም ብዬህ ነበር፤ በቪዲዮዎችህ ሳይህ ግን አሁንም ጎብጠሃል። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅቷስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ሳምንት ደረቴን አሞኝ ተኝቼ ነበር፤ እሱን ግን አንተም ታውቃለህ። እንዴት እንዳወቅክ እደርስበታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጀማሪዎች ኢሜይል አላላክ ሲያስተምር የኖረ ሰውዬ፣ በእስክሪብቶ! ምን ላድርግ፣ ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ ጣቶቼ የለመዱትን ክፋት መጻፍ ይጀምራሉ። ደግሞ የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለህ፤ እኔ አይደለሁም ብዬ መካድ አልችልም።

ማሠልጠኛው እንደተውከው ነው። ከአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ዘጠኙ ይሠራሉ። ዘንድሮ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ገብቶልኛል፤ ፓስወርዱን እንዳይረሳው ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚጽፈው። ምስጢር ነው እኮ አባቴ ብለው፣ ከእነዚህ ከጨዋዎቹ ምን እደብቃለሁ አለኝ። አንተ ብትኖር ከሳቅህ ብዛት ከክፍሉ ትወጣ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁት። በኋላ አዘንኩ።

እንግዲህ ዳር ዳሩን መዞር ይብቃኝ። ቀንቼብሃለሁ። ትንሽ ቅናት እንዳይመስልህ፣ እርር ድብን ብዬ ነው የቀናሁት። ስምህን ሰው ሲያነሣ ምግብ አይወርድልኝም ነበር።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ፤ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ሥራውን እንልቀቅና ድረ ገጽ እንክፈት፣ ሊንክ ምን እንደሆነ፣ ዳውንሎድ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ጠፍቶት ለሚጨነቅ ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ እናስረዳ አልከኝ። እኔም ሳቅኩብህ። ማን ያየዋል፣ አዋላጇ? አልኩህ። ያቺ ከፊት ወንበር የማትጠፋው ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ካልገባኝ አልነሣም እያለች ምሳሌ ታስወልደኝ የነበረችው። አንተ ዕቃህን ሰብስበህ ሄድክ። እኔ ቀረሁ።

ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ደወለችልኝ። ብሮውዘር ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቻት ሦስት ጊዜ ራስ ምታት የያዛት እናቴ። ልጄ፣ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፣ አቤት ሲያስረዳ! አለችኝ። ብሮውዘር ማለት እኮ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው፤ የምትፈልገውን ጽፈህ በመስኮቱ ታቀብላለህ። ሰርቨሩ ደግሞ ከጀርባ ካለው መደርደሪያ አንሥቶ የሚሰጥህ ሰውዬ ነው፤ አንተ እሱን አታየውም፣ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ሲያቀብል ይውላል። እንዲህ ብላ ለእኔ አስረዳችኝ። ለእኔ! የእኔን ምሳሌ! አንተ ከኋላ ተቀምጠህ እየሰማህ ለአዋላጇ የፈጠርኩትን!

የእኔ ነው እኮ አልኳት። አይ ልጄ፣ አለችኝ፣ አንተ ስታስረዳኝ ትቆጣለህ፤ እሱ አይቆጣም። ቀጥላም፣ ለምን እሱ ዘንድ ሄደህ ትንሽ አትማርም? አለችኝ።

እስቲ አንተ ፍረድ። እናቱ እንዲህ ያለችው ሰው ምን ይሁን?

ትምህርቶችህን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። ኩኪ ማለት ልክህን በደብተሩ የጻፈ ልብስ ሰፊ ነው፤ ተመልሰህ ስትመጣ እንደገና አይለካህም ትላለህ። የእኔ ነው። ክላውድ ማለት ቤት ሲጠብህ ዕቃህን የምታስቀምጥበት የዘመድ ቤት ነው፤ ዕቃው ያንተ፣ ቁልፉ ግን በዘመድህም እጅ እንዳለ አትርሳ ትላለህ። እሱም የእኔ ነው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። እጄ አመድ አፋሽ ነው ብዬ አለቀስኩ ብልህ ታምናለህ? አለቀስኩ።

የፖስታው ምሳሌ ግን ያንተ ነው፣ እሱን አልቀማህም። ባዶ ፖስታ ከፍ አድርገህ ትይዝና፣ በኢንተርኔት የምትልኩት ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው፣ ስማችሁን ባትጽፉ እንኳ ከየት እንደተነሣ በላዩ ላይ ይታተማል፤ አይፒ አድራሻ የሚባለው ይህ ነው ትል ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ እኔም በየወቅቱ ፖስታ እያነሣሁ ያንኑ ስል ኖሬያለሁ። የማን እንደሆነ አንድም ቀን ለተማሪ ነግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ። ድረ ገጽህ ላይ ከየትምህርቱ ሥር አስተያየት የሚሰጥ፣ «እውነት ይነገር» የሚባል ሰው አለ። እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ሳይመጣ እንደ ድሮዬ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ እቀመጥና እጽፍልሃለሁ። መጀመሪያ ምሳሌው የሰው ነው አልኩ። ቀጥዬ ድምፅህ እንቅልፍ ያመጣል አልኩ። ከዚያማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ፤ ሸሚዝህን ተኩሰው እስከማለት ደረስኩ። በሚቀጥለው ትምህርት ተኩሰህ መጣህ። ያኔ ይባስ ተናደድኩ።

እናቴ ከሥሬ ምን ብላ እንደጻፈች አይተሃል? ልጄ ተባረክ፣ ይህን እውነት ይነገር የሚሉትን አትስማው፣ እናት ያላሳደገችው ነው ብላለች። አንብቤ ግማሽ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ሃምሳ አራት ጊዜ ጻፍኩብህ። አንዱንም አላጠፋህም። ለሁሉም ትመልሳለህ፤ ስለ አስተያየትህ አመሰግናለሁ፣ ነገም ና ትላለህ። እኔ ደግሞ ሲያሾፍብኝ ነው እያልኩ እቃጠል ነበር። በመጨረሻው ትምህርትህ ላይ፣ ለብቻዬ ከብዶኛል፣ አብሮኝ የሚያስረዳ ሰው እፈልጋለሁ ስትል፣ ሌባ ረዳት አያገኝም ብዬ ጻፍኩ። እሷን ቃል ብውጣት በወደድኩ። በማግስቱ ታመምኩ።

ድኜ ተመልሼ ከፈትኩት። ከዚያች ከመጨረሻዋ ክፉ ቃሌ ሥር እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ሁለት ሳምንት ጠፋህብኝ። ደረትህ ነው? ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ተነሣ፣ ንፋስ ያስገባል ብዬህ ነበር።»

ክው አልኩ። አራተኛው ኮምፒውተር ያለው ከመስኮቱ ሥር ነው።

እናቴ ነግራው ነው ብዬ ደወልኩላት። አሞህ ነበር እንዴ? ለምን አልነገርከኝም? ብላ አለቀሰችብኝ። እሷም አታውቅም። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ከራውተሩ በላይ ያ ወረቀት አለ። መስመሩ የገባልን ዕለት ቁጥሩን በዚያ በወፍራሙ የእጅ ጽሑፍህ ጽፈህ የለጠፍከው። የማሠልጠኛው አይፒ አድራሻ፤ ከሥሩም፣ «በኢንተርኔት ላይ ቤታችን ይህ ነው»።

አየህልኝ? ቁጥሩን አንተው ነህ የለጠፍከው፤ በቃልህ ነው የምታውቀው። የድረ ገጹ ባለቤት ደግሞ አስተያየቱ ከየት አድራሻ እንደተነሣ ያያል። በየወቅቱ ፖስታ አንሥቼ የማስተምረው እኔ፣ ሃምሳ አራት ፖስታ በማሠልጠኛው ማኅተም ልኬልህ ስሜን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው። ሹፌሩ ፓስወርዱን ጮክ ብሎ ቢያነብ ምን ይገርማል!

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ተመልሼ መልሶችህን በሙሉ አነበብኳቸው። ነገም ና። ነገም ና። ሃምሳ ሦስት ጊዜ።

አሁንም እቀናለሁ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። እናቴ አንተን ማመስገን ስትጀምር ዛሬም ወሬ እቀይራለሁ። ግን የቀናሁት በምሳሌዎቹ ብቻ እንዳልሆነ ታምሜ ተኝቼ ገብቶኛል። ያ ሁሉ ሰው ከአንተ ጋር ይውላል፤ እኔ ግን ከአንተ ጋር የምውለው በስድብ ብቻ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ለእኔ ነው።

አስተያየቶቹን አላጠፋኋቸውም። አንተ ያላጠፋኸውን እኔ ምን አግብቶኝ። ለእናቴ ግን ነግሬያታለሁ። እንግዲህ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ በልልኝ ብላለች።

ወንበሬን ቀይሬያለሁ። ሌላ ደግሞ፣ ሠላሳኛው ትምህርት ላይ ስለ ካሽ፣ ብሮውዘሩ ያየውን ገጽ ለጊዜው ስለሚያቆይበት ቦታ፣ የሰጠኸው ምሳሌ ትክክል አይደለም፤ የተሻለ አለኝ፣ በደብዳቤ ግን አይሆንም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ። ቤትህን ይባርክ፣ ልጅህን ያሳድግልህ። የሚሰሙህን ያብዛልህ፤ ይህችን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ እስክሪብቶዬን አስቀምጫለሁ፣ ግን ከልቤ ነው።

ባልንጀራህ

በፖስታው ጀርባ «ላኪ» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ። ከየት እንደመጣ ታውቃለህ።