«ሲሻለኝ» ስትለን

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ እየመጣ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም የግቢው በር ሲንኳኳ አንተ ትመስለኛለህ።

ሰፈራችን ገርጂ አንተ የምታውቃት አይደለችም። በራችን ፊት ያለው መንገድ ሰፍቶ አጥራችን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የተከልካት ዘንባባ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ወንድሜ ሚኪ አሁንም ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው። ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ ስነግረው ይቆጣል። አውሮፕላን ጣራችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አንተ ጣትህን ወደ ላይ አንስተህ ትጠብቅና፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆምክበት ቃል ላይ ትቀጥል ነበር። አሁን ጣቱን የሚያነሳ የለም። ወሬያችንም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

አባዬ፣ የሚቆጨኝን ልንገርህ። ሐኪሙ በሽታህን የነገረው ለእኛ ነው። አንተ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ፣ እማዬን፣ ሚኪንና እኔን አስገብቶ አስረዳንና ለአንተ ማን እንደሚነግርህ ጠየቀ። በእኛ ቤት ለታማሚ ክፉ አይነገርም፤ ተስፋ ይቆርጣል ተብሎ ይፈራል። ስንወጣ እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና ጨጓራ ነው አሉ አለችህ። አንተም የበርበሬ ጣጣ ነው ብለህ ወጡ ሁሉ አልጫ እንዲሆን አዘዝክ። እኛም አብረንህ አልጫ በላን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የማይበረታ ሰው ጠፋ። እማዬ እንባዋ ሲመጣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ትላለች። ሚኪ እሁድም ሥራ አለኝ ይላል። እኔ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃ እከፍታለሁ፤ ውሃ በጠፋ ቀን ልቅሶዬም ወረፋ ይጠብቃል። ሁላችንም ለየብቻ ጠንካሮች ነበርን።

አንተ ደግሞ አያት ሰፈር ያለውን ወንድምህን፣ ጋሼ ታደሰን፣ ማንሳት አበዛህ። ስንት ዘመን ተኳርፋችሁ ነበር፤ ምክንያቱን በደንብ የሚያስታውስ እንኳ አልነበረም። ሲሻለኝ በባቡር ሄጄ እጠይቀዋለሁ ትለን ነበር። እንደማይሻልህ እያወቅን፣ እሺ አባዬ፣ ሲሻልህ እንልሃለን። ሄደን ብንጠራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይመጣ ነበር።

ጋሼ ታደሰ የደረሰው ለቀብርህ ነው። ሣጥንህ ላይ ተደፍቶ ለምን አልነገራችሁኝም አለን። ከሞትህ እኩል ያ ጥያቄው ያቃጥለኛል፣ አባዬ።

አሁን ደግሞ እማዬ ታማለች። ባለፈው ሳምንት ውጤቷን ለእኔና ለሚኪ ብቻ ነገሩን፤ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን ተጨቃጨቅን። ሚኪ ልቧ አይችለውም፣ ዝም እንበል አለ። እኔ ጋሼ ታደሰ ቀብርህ ላይ ያለንን አነሳሁለት። በመጨረሻ፣ አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ አለኝ።

በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ነገርኳት። የበሽታውን ስም ሳልሸፋፍን፣ ሕክምናው እንደሚያደክም፣ ተስፋም እንዳለ፣ ሁሉንም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ይህን ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችን። ሁለታችን ብቻ ነን አልናት።

«እንግዲያው ሦስት ሆንን» አለች።

እዚያው ሶፋው ላይ ተቃቅፈን ተላቀስን። ከዚያ እማዬ ፊቷን ታጠበችና ስለ ሕክምናው ትጠይቀን ጀመር፤ የፈራችውን ሁሉ ሳትደብቅ ጠየቀችን። ሰኞ እንጀምራለን። ሚኪ ፈቃድ ወስዷል።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ከሐሳቤ አትወጣም፣ አባዬ። እማዬን ይዘን በሄድን ቁጥር፣ ያን ቀን ውጭ አግዳሚው ላይ ብቻህን የተቀመጥከውን አንተን አስባለሁ። ያኔ እኛም አራት መሆን እንችል ነበር።

ልጅህ ሜሮን