ሳላየው የነቀፍኩት ገቢር

ኅዳር 3

ጠዋት ቢሮ። አንድ መጽሐፍ ገመገምኩ፤ ደህና ነው። ከሰዓት ከእህቴ ጋር ቴአትር ገባን። ጠፍቶ የኖረ ልጅ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ አባት አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ከሁለተኛው ገቢር በኋላ እህቴን እዚያው ትቻት ወጣሁ... ጋዜጣው ላይ ያለኝ ገጽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቀረው አንድ ገቢር ምን ሊያመጣ? ነቀፌታዬን በአርባ ደቂቃ ጽፌ ሰጠሁ።

ኅዳር 5

ወጣ። አለቃዬ "አንጀቴን አራስከው" አለኝ። ርዕሱን ያወጣው እሱ ነው፦ "ይቅርታ የማያውቅ መድረክ"። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ኅዳር 6

እህቴ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"'እስከ መጨረሻው አንዲት የይቅርታ ምልክት የለም' ትላለህ። አንተ መጨረሻው ላይ መች ነበርክና?"

"ምን ሆነ?"

"አባትየው ተነስቶ የራሱን ወንበር ለልጁ አስጠጋለት። እሱ ቆሞ ቀረ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ።"

"ለነገሩ ሆድህ ያውቀዋል" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ኅዳር 7

ለአለቃዬ ነገርኩት።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

"እህቴ።"

"እህትህ ጋዜጣ የላትም" ብሎ ሳቀ። ማረሚያ ካልወጣ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ጻፍኩ፦ "ሦስተኛውን ገቢር ሳላይ ወጥቼ ያላየሁትን ነቅፌአለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ስሜንም አኖርኩበት።

ኅዳር 10

ወጣ ተብሎ ወጣ... ገጽ አሥራ ስድስት፣ ከጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ ሥር፦ "በቴአትር ዓምዳችን ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን።" የቱ ስህተት? የማን? ስንት ዓመት ሙሉ ሹሙ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ዘፋኙ ይቅርታ ይጠይቅ እያልኩ በትልልቁ ስጽፍ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን አንድ መስመር። አለቃዬ ላይ ጮህኩ እንዳልል አልጮህኩም። ዓምዴን እንዳይነጥቀኝ ፈራሁ።

ኅዳር 19

ቴአትሩን ከመድረክ አወረዱት። ተመልካች ጠፋ አሉ።

ኅዳር 23

አባትየውን ሆነው የሚጫወቱት ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ጡረተኛ መምህር ናቸው። ደጃፍ ላይ እንደቆምኩ ተናዘዝኩ።

"አባባ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳይጨርሱ ነው የወጣሁት።"

"ምነው፣ አሞህ ነበር?"

"አይ... ጽሑፍ ላደርስ።"

"ይቅር ብያለሁ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜ ቂም ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?" አሉ። እንዲህ በቀላሉ! ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "መጨረሻውን ያሳዩኛል?" አልኳቸው።

"ብቻዬን እንዴት አድርጌ? ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለእኔም ከእንግዲህ መድረክ የሚሰጠኝ የለም። የመጨረሻዬ ነበር።" ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ መልሰው እኔኑ ማጽናናት ጀመሩ። አፈርኩ። መንገዱን ሁሉ እያፈርኩ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 1

ያን ያልወጣልኝን የማረሚያ አንቀጽ እንዳለ የዓምዴ መክፈቻ አድርጌ ሰጠሁ። አለቃዬ ሁለቴ አነበበው። "ይውጣ። ዓምዱ ግን ከዚህ በኋላ ያንተ አይደለም።"

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ያኔ ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 3

የመጨረሻው ዓምዴ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ የሌሎችን ጽሑፍ አራሚ ነኝ። ጋዜጣውን ይዤ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን ፈልገው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ቀስ ብለው አነበቡት።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አሉ። "እኛ መድረክ ላይ ሳለን ወጥቶ ቢሆን..."

አልጨረሱትም። ጋዜጣውን በደንብ አጥፈው መለሱልኝ።