አርባ አንደኛው ጥያቄ

ጥር 13፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

መብራት ጠፍቶ አድሯል። ጠዋት ባትሪዎቹን አየኋቸው፤ ሁለቱ ደክመዋል፣ የቀሩት ደኅና ናቸው። ሰርቨሩን አስነሣሁ። የሬጅስትራር ኮምፒዩተሮች በየተራ ነቁ። የጉና ብርድ በመስኮቱ ሥር ይገባል። ለሰርቨሩ ጥሩ ነው፣ ለጉልበቴ አይደለም።

4 ሰዓት ላይ ኃላፊው አስጠራኝ። አቶ ደሳለኝ፣ የኮሌጁ አይሲቲ ክፍል ኃላፊ። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ደብዳቤ ሰጠኝ። የኔትወርክ ሙያ ፈተና አልፎ ሰርተፊኬት ያልያዘ ሰው ከመጋቢት 30 በኋላ ሰርቨር ክፍል አይገባም ይላል። ፈተናው ባ/ዳር፣ በኮምፒዩተር፣ በእንግሊዝኛ። ካላለፍኩ ቁልፉን አስረክቤ ንብረት ክፍል እገባለሁ። ወንበር ልቆጥር።

ደብተር ሆይ፣ ያን ክፍል ባዶ ሳለ የገባሁበት እኔ ነኝ። ከሬዲዮ ጥገና ተነሥቼ፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ አንብቤ፣ እያንዳንዱን ገመድ በእጄ ዘርግቻለሁ። ይህን አልተናገርኩም። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ጥር 14

ተናገርኩ።

ስብሰባ ነበር፣ በኃላፊው ቢሮ። ሰርተፊኬቶቹ በመስታወት ገብተው ከወንበሩ በላይ ተሰቅለዋል፣ ሦስት ናቸው። እንግዳ ሲቀመጥ ፊት ለፊት እንዲያያቸው ወንበሩን አዙሮታል። ስለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ብዙ አወራ። እኔ የተቆረጠ ገመድና መቆንጠጫ ፊቱ አስቀመጥኩ። ስምንቱን ሽቦ በየቀለሙ ደርድረህ ጫፉን ግጠምልኝ አልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ደረደረ። አፈረሰ። እንደ ገና ደረደረ። ገጥሞ ሲጨርስ መሞከሪያው ላይ አራተኛዋ መብራት አልበራችም። ሰው ሳቀ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ የማስተዳድር እንጂ ሽቦ የምልጥ አይደለሁም አለ።

ማስተዋል ብቻ አልሳቀችም። የክፍሉ ወጣት ባለሙያ ናት፣ ዓምና የተቀጠረች፣ ሰርተፊኬት ያላት።

ቀኑን ሙሉ ደስ አለኝ። አመሻሽ ላይ ቀነሰ።

ጥር 20

ማስ. ወረቀት ይዛ መጣች። ወፍራም። ዳምፕ ይሉታል፦ ተፈታኞች ከፈተናው በቃላቸው እየያዙ ወጥተው ያጠራቀሙት ጥያቄ ከነመልሱ። ይህን በሁለት ሳምንት ከሸመደዱ ያልፋሉ አለች። ሁሉ ሰው እንዲህ ነው የሚያልፍ አለች። ኃላፊውም? አልኳት። ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ስርቆት ነው አልኩ።

«ጋሼ፣ አንቱስ ዳዊትን በቃልዎ አይደል የያዙ?»

«ዳዊት ከፈተና ክፍል ተሰርቆ አልወጣም።»

ሳቀች። ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ግን ንግግሯ ከእኔ ጋር ቀረ። እውነት ነው፣ ጣራ ገዳም ቄስ ት/ቤት ሳለሁ ሁሉን በቃል ይዣለሁ። ግን የኔታ ከመካከል አስቁመው ይጠይቁ ነበር። ከመካከል የተጠየቀ ሸምዳጅ ይታወቃል። ይህን ልነግራት ይገባኝ ነበር። መልስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣልኛል።

የካቲት 4

የፈተናውን ማጥኛ መጽሐፍ አሳትሜ አመጣሁ። ከሥራ መልስ አነባለሁ። እንግሊዝኛው ቀጥ ያለ ነው፣ የመመሪያ እንግሊዝኛ። አንዳንዱን ስሙን ሳላውቅ ስሠራው ኖሬያለሁ። አንዳንዱን በስሕተት ስሠራው ኖሬያለሁ፤ እሱን ለማንም አልናገርም፣ ላንተ ብቻ።

ሚስቴ ይታይሽ ተማረረች። አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ድቁና ልትቀበል ነው? አለች። ጎረቤት በአጥር በኩል ማን ታሞ ነው ዳዊት የሚደገም? ብላ ጠየቀቻት። ኮምፒዩተር ነው የታመመ አለቻት ሚስቴ። ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

የካቲት 19

ነገ ፈተና። መንገዱ ክፍት ነው፣ በወረታ አድርጌ ባ/ዳር ገባሁ። ኃላፊው ስወጣ መልካም ዕድል አለኝ። በዕድል አይደለም የምፈተነው አልኩት። ዝም ብል ምን ነበረበት።

የካቲት 20፣ ባ/ዳር፣ 8 ሰዓት

ሳልረሳው ልጻፍ።

ጋቢዬን አስወለቁኝ። ሰዓቴን፣ እስክሪብቶዬን፣ መቁጠሪያዬን ሳጥን ውስጥ ቆለፉ። ስድስት ተፈታኝ፣ እያንዳንዱ በሰሌዳ ተከልሎ። ከላይ ካሜራ። ክፍሉ ጭጭ ብሏል።

ጥያቄዎቹ አልከበዱኝም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይሉ ነበር። ሃያዎቹ ላይ ስደርስ ተቆጣጣሪው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መጣ። አልገባኝም። ከጎኔ ያለው ልጅ እየዞረ ሲያየኝ ነው የገባኝ። እያነበብኩ ነበር። በድምፅ።

አፌን ዘጋሁ። የሚቀጥለውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አየሁት። ፊደሉን አያለሁ፣ ነገሩ አይገባኝም። ቄስ ት/ቤት ድምፁ ያልተሰማ ተማሪ ተኝቷል ማለት ነበር፤ ጅራፍ ይቀሰቅሰዋል። ቀስ እያልኩ እስከ አርባዎቹ ሄድኩ። ሳላውቀው ከንፈሬ ተነሣ።

ሁለተኛ መጣ። አባቴ፣ ማውራት መልስ እንደ መለዋወጥ ነው የሚቆጠር፣ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የለም አለኝ፣ በትሕትና። ማስረዳት እችል ነበር። ከማን ጋር ነው የማወራው? ብዬ ጮኽኩ። ጥፋቴ ይህ ነው። ለመጣው ሁሉ መቆጣት ብቻ ነው የማውቀው።

አርባ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስክሪኑ ጨለመ። ስለ ገመድ ርዝመት ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ።

በር ላይ ወረቀት ሰጡኝ። «የፈተና ሥርዓት በመጣስ ተቋርጧል።»

የካቲት 21

ደ/ታቦር። ለይታይሽ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጋዜጣ የማውቀው አንተ ስለምትጮኽ ነው፣ ለዚህም ይቀጣሉ? አለች። ሽሮ አቀረበች። በላሁ።

የካቲት 25

ወረቀቱ ለመ/ቤቱም ደርሷል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስም ሳይጠራ፣ በሰው ላይ መቀለድ ቀላል ነው፣ ፈተና ላይ ሥርዓት ጥሶ አለመያዝ ነው የሚከብድ አለ። ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። ኮርጆ ተያዘ ማለት ነው። ወረቀቱም እንዲያ ያስመስላል። ምን ብዬ እከራከራለሁ? በድምፅ ነው የማነብ ልበል፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ? ስሜ ላይ ይህ ተጻፈ፤ ዳምፑን መልሼ የሰጠሁት ሰው።

ማስ. ከስብሰባው በኋላ ሰርቨር ክፍል መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔ በዳምፕ አልፌ ተጨበጨበልኝ፣ አንቱ ሳያዩት ኮራጅ ተባሉ አለች። ለሁሉም እናገራለሁ አለች። ሥራሽን ታጪያለሽ፣ ተይ አልኳት። ይልቅ ከፈለግሽ ሥራውን ከእኔ ተማሪ አልኳት። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች።

መጋቢት 8

ኃላፊው ብቻዬን ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ጾም ነው፣ ገና 4 ሰዓት ነው፣ አልጠጣሁም። ረስቶት ነው፣ ደነገጠ።

ሐሳቡ ይህ ነው። ሥርዓት መጣሴን አምኜ፣ ይቅርታ ጠይቄ በጽሑፍ እፈርማለሁ። ነገሩ ይዘጋል። ሥራው በወረቀት በማስ. ስም ይሆናል፣ ቁልፉ ኪሴ ይቀራል። ያለ እኔ ሰርቨሩ አንድ ወር እንደማይቆይ ያውቃል፤ ይህንኑ በአፉ ነገረኝ። ለመናገር እንደከበደው አየሁ።

ቀጥሎ አንድ ነገር አለ። ጋሼ፣ ያን ቀን በሰው ፊት ባያዋርዱኝ እኔም ያን ስብሰባ ላይ አልልም ነበር አለ።

እውነቱን ነው። ለገመዱ ይቅርታ አልኩት። ከልቤ። ትንሽ አንገቱን ደፋ።

ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። አልፈረምኩም። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ የምይዘው ቁልፍ አይከፍትልኝም።

መጋቢት 17

ማስ. ለፈተና ድርጅቱ በስሜ ጽፋ ነበር፣ ሳትነግረኝ። ተቆጣሁ፣ ከዚያ መልሱን አስነበብኳት። ምክንያቱን በጽሑፍ ላስረዳ ሰው ክሱ ይነሣል፣ ብቻውን በአንድ ክፍል ይፈተናል ይላል። ሞልቼ የምልከው ቅጽ አለ። ምክንያት የሚል አንድ መስመር።

የጉሮሮ ሕመም እንበል አለች፣ ሐኪም የሚጽፍልን አላጣም። ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም አልኳት። እንግዲያው እውነቱን ይጻፉ አለች። እሱንም አልጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። ያለ መምህር ራሴን አስተማርኩ እያልኩ ነው የኖርኩ፤ አሁን ያላስተማርኩትን ልጽፍ ነው።

መጋቢት 30፣ 10 ሰዓት

ቁልፉን አስረከብኩ። ለማስ. ነው የሰጠሁ፣ በኃላፊው ፊት፣ በቅጽ። ሦስት ቀን አብረን እያንዳንዱን ገመድ ተከትለናል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከመካከል እያስቆምኩ ጠየቅኳት፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የቱን ታጠፊያለሽ? አሰበች፣ አሰበች። ይቺ ወረቀቱ ላይ አልነበረችም ጋሼ አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ዛሬ ጠዋት ግን ስጠይቃት መለሰች፣ ለምን እንደሆነም ጨምራ።

ኃላፊው በር ላይ ያዘኝ። ቅጹን ብልክ፣ ብፈተን፣ ባልፍ እንኳ ቦታው ተይዟል አለ። እንዳልደክም ብሎ ነው። አውቃለሁ አልኩት።

ሚያዝያ 3

ንብረት ክፍል። ወንበር 140፣ እግሩ የወለቀ 22። ልጠግነው የምችል 19። ጀምሬያለሁ። ሬጅስትራር ያሉ ሴቶች ኮምፒዩተር ሲቆምባቸው አሁንም ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ወደ ማስተዋል እመልሳቸዋለሁ።

ስለ ቅጹ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ፈተናው ቁልፍ አይመልስልኝም። ደመወዝ አይጨምርልኝም። ያቺ ወረቀት ግን በስሜ ፋይል ውስጥ አለች፤ ከእኔ በኋላ የሚያነባት ኮራጅ ነበር ይላል።

9 ሰዓት ላይ ማስ.ን አስጠራኋት። ኮምፒዩተሯን ይዛ መጣች፣ ወንበሮቹ መካከል ተቀመጥን። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ በራሴ እንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ ድምፄን ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። እንዲህ ነው የተማርኩ፣ ሌላውን ራሴን አላስተማርኩም። አልኮረጅኩም። ብቻዬን አስቀምጡኝና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ጠይቁኝ።

እንግሊዝኛውን ላስተካክልልዎ አለች። አይሆንም አልኳት። ጮክ ብዬ አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ።

ላኪው አልኳት። ላከችው።