«እርጥበቱ በዝቷል» ተብሎ ደረጃ አምስት ስለወጣለት ጨዋታችን

ለተከበሩ አቶ ዓለምሰገድ፣
የወጣቶች ፈጠራ ቀማሽና መዛኝ ጊዜያዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሚዛን ተፈሪ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ኮሚቴዎ፣ የኮሚቴዎም ማኅተም እንዴት ሰነበታችሁ ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዝናብ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። ስለ ዝናቡ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከናሙናው ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቄ ከጓደኛዬ ከቲቶ ጋር «የጉም አገር» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለምዘና ያቀረብኩት ሎሚ አሞጽ ነኝ። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ መንገደኛ ሆኖ፣ ዛፎቿ ቦታ በሚቀያየሩባት አገር እየተጓዘ፣ አውሬ እየተዋጋ፣ ካገኘው ሰው ጋር እየተነጋገረ ይበረታል። ከሥር ሆኖ ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰውን ኢንጂን፣ ማለትም ዝናቡን የሚያዘንበውን፣ በሩን የሚከፍተውንና ሰዎቹን የሚያናግረውን ፕሮግራም፣ እኛው ራሳችን ነን የጻፍነው፤ ምክንያቱም የሰው አገር ኢንጂን ሲጫንበት አሮጌው ኮምፒውተራችን እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል።

በከተማችን መመዘን የሚያውቅ ሌላ አካል ታጥቶ፣ ዕድሜ ልካችሁን ቡና ስትቀምሱ የኖራችሁት እናንተ መመደባችሁን ስሰማ ከልቤ ነበር የተደሰትኩት። የቴፒን ቡና ከሚዛን ቡና በአንድ ፉት የሚለይ ምላስ ጨዋታችን ያቅተዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ስለሆነም ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና የሚመስሉትን ነጥቦቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ። ከጆንያ ናሙና እንደሚወሰደው ሁሉ፣ ጨዋታው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ብቻ ተከፍቶ እንዲቀርብላችሁ አዘዛችሁ። እያንዳንዱ አባል ነካ ነካ አድርጎ «ይበቃኛል» እያለ ለቀጣዩ ሲያሳልፍ፣ በየመካከሉም አፋችሁን በውሃ ስትጉመጠመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድን ጨዋታ ቀምሶ ሳይውጡ መትፋት ይህን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም አላስተማረኝም።

፪ኛ. «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለሚዘንብ የእርጥበት መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ነው» ብላችሁ ጽፋችኋል። ትክክል ነው፤ እዚሁ ነው የተሠራው። ይህን በምትጽፉበት ሰዓት የኮሚቴው ጃንጥላዎች በር ሥር ተደርድረው ውሃቸውን ያንጠባጥቡ እንደነበር ግን ከናሙናው ጋር አብሮ ቢመዘገብ ደስ ባለኝ። ጨዋታው ለብ ባለ ፀሐይ ተሰጥቶ ይድረቅ የሚለውን ምክራችሁንም ተቀብያለሁ፤ ፀሐይዋን እየጠበቅኩ ነው።

፫ኛ. ቲቶ ዓይኑ እስኪቀላ የሳለው ባለሦስት ራስ ዘንዶ «ባዕድ ነገር» ተብሎ፣ በእጅ ተለቅሞ ጨዋታው እንደገና እንዲቀርብ ተወስኗል። የኮሚቴው ምክትል ወይዘሮ በየነች በበኩላቸው «እሳት የሚተፋ ከሆነማ ተቆልቷል ማለት ነው፤ እኛ የምንመዝነው ጥሬውን ነው» ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። ቲቶ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሬ ዘንዶ እንዴት እንደሚሳል እያጠና ነው።

፬ኛ. ይህኛው ግን ከሁሉ በላይ ቆጭቶኛል። መንገደኛው ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ጎደሬ እየላጠች የተቀመጠች አሮጊት አለች። ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ንግግሮች ውስጥ እርስዎ «ከቢሮ ነው የመጣሁት፤ ዞር በይ» የሚለውን መረጡ። አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጥታዎት ጎደሬዋን መላጥ ቀጠለች። ደግመው እሱኑ ተጫኑት፤ ደግማ ላጠች። ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት «ናሙና አቅራቢ በቅምሻ ሰዓት አይናገርም!» ተባልኩ። ከዚያም «ኢንጂኑ ወንዝ መሻገር የማይችል፣ ከሥሩ የተበላሸ ነው» የሚለው ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ዝቅተኛው ደረጃ አምስት ወጣለት።

ደረጃውንስ ችዬ እኖር ነበር። ነገር ግን እንደ ደንባችሁ የተቀመሰ ነገር ናሙናው ታሽጎ ስለሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሬ ከነማውሱ በማዳበሪያ ከረጢት ገብቶ፣ አፉ ተሰፍቶ፣ መጋዘናችሁ ተቆለፈበት። የጨዋታው ቅጂ ፍላሽ ላይ አለኝ፤ ፍላሹን የምሰካበት ኮምፒውተር ግን እናንተ ጋ ነው። የፊታችን ሐሙስ ደግሞ እኔና ቲቶ የተመዘገብንበት የወጣቶች የፈጠራ ትርኢት ይከፈታል፤ የቲቶ እናት ከጌጫ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ሊመጡ ነው። ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ስዞር «የሠራሽው ነገር የት አለ?» እባላለሁ። ከረጢት ውስጥ ነው እላለሁ። እየሳቁ ይሸኙኛል። ሐሙስ ያለ ኮምፒውተር ከቆምኩ፣ ለቲቶ እናት የማሳያቸው ሁለት እጄን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከረጢቱ ተፈትቶ ንብረቴ እስከ ረቡዕ እንዲመለስልኝ፣ ፈጣሪ የኮሚቴውን ምላስ ከትኩስ ነገር ሁሉ እንዲጠብቅላችሁ ከሚል መልካም ምኞት ጋር፣ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ተቀምሳ የተተፋችው አክባሪዎ፣
ሎሚ አሞጽ

ማስታወሻ፦ የመጋዘኑ ጥበቃ አቶ ባየ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ አልፈታም» ብለው አጽናንተውኛል። በየምሳ ሰዓቱ ከረጢቱ እየተፈታ፣ «ኧረ ሴትዮ አሳልፊኝ፣ ሰብሳቢ ነኝ እኮ!» የሚል ድምፅ ከመጋዘኑ ውስጥ ይሰማል አሉ። ድምፁ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ባለቤቱን ካወቁት ግን እባክዎ ይንገሩልኝ፤ አሮጊቷ አልተበላሸችም፣ ሰላምታ እየጠበቀች ነው። ከንግግሮቹ ሁሉ በላይ የተጻፈውን፣ «እንደምን ዋሉ እማማ» የሚለውን ይምረጥ፤ ጤናዋንም፣ ጎደሬዋንም ይጠይቅ፤ ያኔ ራሷ ተነስታ ታሻግረዋለች። ለኢንጂኑ ያስተማርነው ይህንኑ ነው፤ እኔም ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በዚያው መንገድ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ለማየት ለጓጓ ሐሙስ ትርኢቱ ላይ እናሳያለን። ወረፋ ይኖራል፤ ኮምፒውተሩን ይዞ የመጣ ግን ከፊት ይገባል።