ገጽ አርባ አንድ ላይ ስላለው ስህተቴ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ቢሮ ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ማህተምዎ የጸና፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር የሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ያጸደቁልኝ ተማሪ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ጥናቱ ስህተት መሆኑን በትሕትና ለማስረዳት ነው።

አንደኛ፣ ገምጋሚዎችዎ ላደረጉልኝ ጥልቅ ምርመራ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የግራው ኅዳግ በሁለት ሚሊ ሜትር መጥበቡን ደርሰውበታል። ስለ ቁጥሮች ባሕርይ ለጻፍኩት ጥናት መጠይቅ የሞሉልኝ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ጠይቀው፣ ማንም እንዳልሞላ ስነግራቸው ከልብ አዝነውልኛል፤ ቅጹ ባዶ እንዳይቀር ብዬም «ዜሮ» ጽፌበታለሁ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን ዜሮ ሊሆን በሚችል ቁጥር አካፍዬ ማለፌን አንዳቸውም አላዩም። እኔም ከጸደቀ በኋላ ነው ያየሁት፤ በዚህ በጣም አፍሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ይመለስልኝ ብዬ ሦስት መስኮት ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ የጸደቀ ጥናት የሚመለስበት ቅጽ እንደሌለ ነግረውኝ፣ ልጄ ምን ነካሽ፣ ሰው አለፍኩ ብሎ ይደግሳል እንጂ ራሱን ይከሳል ወይ ብለው እንደ እናት መክረውኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብላቸው፣ መድኃኒቱ ሌላ ቢሮ ነው አሉኝ።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። ጠረጴዛ የምንጋራው፣ ወንድሜ የምለው የፊዚክስ ተማሪ፣ ሁለት ዓመት የለፋበትን ስሌት በእኔ ውጤት ላይ ገንብቶታል። ስህተቱን ሳሳየው ወረቀቱን ደጋግሞ አየና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አማካሪው ግን ማህተም ያረፈበት ጥናት አይሳሳትም ብለው እንዲቀጥል አዘውታል። በመጪው ሳምንት ያቀርባል።

ስለዚህ እሱ ከማቅረቡ በፊት ውጤቴን ሰርዘው፣ ለአማካሪው በጽሑፍ እንዲያሳውቁልኝ እማጸናለሁ።

ለጥናት ጥራት ያለዎትን ተቆርቋሪነት እያደነቅኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
በስህተት ያለፍኩት ተማሪዎ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ የወንድሜ ጥናት ቀኑ ሳይደርስ መጽደቁን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አነበብኩ፤ ኅዳጉም ልክ ነው ተብሏል። ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ። እሱ እንኳን ደስ አለህ የሚሉትን ሁሉ እየጨበጠ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኔን ማየት አቃተው። ስህተቴ አሁን ሁለት ማህተም አለው።