የመመለሻ ቀን ስላልተጻፈለት የመርከብ ሽርሽር

ግንቦት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.
ጎፋ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ ቦጋለ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ቤትዎን የሞሉት የባለቤትዎ ዘመዶች በሙሉ በጤና እንድትሰነብቱ ምኞቴን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ምስጋናዬ ምስጢር ስለሌለው፣ ደብዳቤውን ሰው ሁሉ ለስኳር በሚሰለፍበት በሸማቾች ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከምጽዋ ተነስቶ ሰው የማይኖርባቸውን የሰሜን ጠረፎችና ደሴቶች በሚዞር መርከብ እንድዝናና ዕጣ እንደወጣልኝ ስሰማ እንባዬ መጣ። ሃያ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ለኖረች መበለት ማን እንዲህ ያስብላታል? ይሁንና ከቀበሌው የተሰጠኝን የጉዞ ዕቅድ ሳነበው ጥቂት ነገሮች አልገቡኝም።

1. ዕጣው ሲወጣ ያየ ሰው አጣሁ። እኔም ስሜን አላስገባሁም።

2. ባለፈው ማክሰኞ የባለቤትዎ ወንድም ሜትር ይዘው መጥተው የክፍሌን ወርድና ቁመት ለክተው ሄዱ። የመርከቡን አልጋ ሊያመቻቹልኝ ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ባሕር ላይ ያለ ክፍል ጎፋ ላይ እንደሚለካ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

3. በይለፍ ወረቀቴ ላይ የመሄጃዬ ቀን፣ ሰዓቱና የአውቶቡሱ ቁጥር ሳይቀር ተሞልቷል። የመመለሻዬ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ጸሐፊዎን ወይዘሪት ውዳሴን ብጠይቃቸው ቀለም ማለቁን ነገሩኝ።

ጎረቤቴ አቶ ጉርሜሳ የታመሙ እናታቸውን ሊጠይቁ ፉሪ ሄደው በስምንተኛው ቀን ሲመለሱ፣ ቤታቸው ነዋሪ የለውም ተብሎ በቀበሌው ማኅተም ታሽጎ አገኙት። ዛሬ የሚኖርበት የአክስትዎ ልጅ ነው። ለፉሪ ደግሞ መርከብ እንኳ አያስፈልግም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ጠርጥሬያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁም። ከዚህች ክፍል በቀር መግቢያ የለኝም።

ስለዚህ ዕድሌን ለባለቤትዎ ወንድም በደስታ አስተላልፌያለሁ። ሜትራቸውን ይዘው ደሴቶቹን እንዳሻቸው ይለኩ፤ ሰው ስለማይኖርባቸው ማንንም ማስነሳት አይጠበቅባቸውም።

ለእኔ ዕረፍት ሲሉ ዕረፍት ላጡት መሪዬ፣ ከቤቴ ሳልወጣ እጅ እነሳለሁ።

ፀሐይወርቅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ገበያ ስወጣ ጠብቀው ቤቴን ለማሸግ እንዳይደክሙ፣ በሬን ከነመቃኑ ነቅዬ ለአናጺ ልኬዋለሁ። ማኅተም የሚለጠፍበት ነገር እስኪገኝ ድረስ መርፌዬን ይዤ ክፍተቱ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ብቅ ካሉ ማንኳኳት አያስፈልግዎትም።