ከተዘጋው ክፍል የሚጮኸው ስልክ

ሰኞ

ዋሽቻለሁ። ዛሬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰዓዳ፣ ባለቤቴ፣ ከሞተች ወዲህ መስመሩን ሊያይ የመጣ ሁሉ «ቤት ውስጥ ስንት ስልክ አለ?» ይለኛል። «አንድ» እላለሁ፤ ዛሬም ቴክኒሻን ላኩልኝ ብዬ ስደውል ያንኑ አልኩ። ሁለት ነው። ሁለተኛው እሷ በታመመችበት ክፍል፣ አልጋዋ አጠገብ ነው። ተኝታም ከልጃችን ጋር እንድታወራ እኔው ራሴ ከዋናው ሽቦ ቀጥዬ ያስገባሁላት። ክፍሉን ከቀብሯ በኋላ ቆለፍኩት። አልገባሁበትም።

ኢንተርኔቱም የሚመጣው በዚሁ በስልኩ ሽቦ ነው። መርሳ ከተማ መሀል ብንሆን የሞባይሉ ይበቃን ነበር፤ የኛ ሰፈር ከጉብታው ስር ስለሆነ የሞባይሉ ኢንተርኔት እዚህ ግባ አይባልም።

ዛሬ ከልጄ ከሙና ጋር በቪዲዮ ሞከርን። ጅዳ ነው ያለችው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኒካዋ ይታሰራል፤ ወሊዋ፣ ቃሉን ሰጥቼ የምድራት፣ እኔ ነኝ። እዚያ ያሉት ሸኽ «የአባትየው ቃል ተቆራርጦ ከደረሰ አልቀበልም፣ ወኪል ይያዝ» ብለዋል። ሙና ወኪል አልፈልግም አለች።

«እናቴ የለች። አንተም ከቀረህ ማን ዳረኝ ልበል?»

ከዚያ ፊቷ ቆመ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ሞደሙ ላይ የመስመሩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ልቤ ምንም አላለኝም። መብራቱን ሳይ ቆየሁ።

ማክሰኞ

ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ። ከመስኮቱ አራቅሁት። ሶኬቱን በጨርቅ ወለወልኩ። ቢስሚላህ ብዬ ሰካሁ። ሠራ! ደስ ሊለኝ ሲል መደበኛው ስልክ ጠራ፤ እህቴ ዘሀራ ናት፣ ከውርጌሳ። ኢንተርኔቱ ያኔውኑ ጠፋ።

«ሞከርከው?»

«ቃሉ ግማሽ ላይ ይቆረጣል።»

«እንግዲያ ሙሽራውም ግማሽ ሚስት ይወስዳላ!» ብላ ሳቀች። ወልድያ ሄጄ ደህና መስመር ካለበት ሰው ቤት እንድቀመጥ መከረችኝ። ሙና ከቤታችን ይሁን ብላለች አልኳት።

«አንተማ ምክንያት አታጣም።»

እውነቷን ነው። ዙህር ስሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ። አስተግፊሩላህ። ሐሳቤ ክፍሉ በር ላይ ነበር።

ረቡዕ

ቴክኒሻኗ ከወልድያ መጣች። ሰላም ትባላለች፣ ቀልደኛ ናት። የሳሎኑን ቀፎ አንስታ ጆሮዋ ላይ ያዘች።

«አባባ ሰይድ፣ መስመርዎ ሽሮ ጥዷል። ሲንተከተክ ይሰማዎታል?»

ሰማሁት። ወጥታ ምሰሶውን አየች፤ ደህና ነው አለች። ሽቦው ከምሰሶው ወርዶ መጀመሪያ የሚገባው በተዘጋው ክፍል ግድግዳ ነው፤ ወደ ሳሎን የሚያልፈው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ቆም አለች።

«ሌላ ስልክ የለም?»

«የለም።»

ከሞባይሏ ወደ ቤቱ ደወለች። የሳሎኑ ጮኸ። ከተዘጋው በር ኋላም ጮኸ። የሞደሙ መብራት ጠፋ።

«ያኛውስ?»

«የጎረቤት ነው።» ከአፌ ወጣ።

«ጎረቤትዎ የሚያድሩት እርስዎ መኝታ ቤት ነው?» ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የሳሎኑ ስልክ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለይ ማጣሪያ አለው፣ ያኛው የለውም። እሱ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይሞታል። ቅጥያውን ቆርጦ ዋናውን ሽቦ መልሶ ማሰር ነው። ልሥራልዎ አለች። ቁልፉ የለም አልኳት። ሌላ ውሸት። ነገና ከነገ ወዲያ ሐራ ሥራ አለባት።

በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች «እኛም ቤት አንድ ያልተከፈተ ሳጥን አለ» አለችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ሐሙስ

ለሙና በመደበኛው ስልክ «አጎትሽ እዚያው አለ፣ ወኪል ይሁንልሽ» አልኳት።

«አባ፣ መስመሩ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

«መስመሩ ነው» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ፍርሃት ቢሆን ይሰማኝ ነበር። የሚሰማኝ ነገር የለም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ስልክ ሲጠራ ቀድማ የምታነሳው ሰዓዳ ነበረች። ዛሬም ሁለቱ ሲጮሁ ቶሎ አላነሳም። ትንሽ እጠብቃለሁ። የዚያኛው ጩኸት፣ እሷ እንዳነሳችው፣ ዝም ይል እንደሆን።

ልጄን ቃሌን የምነፍጋት ለዚህ ነው? ያ ረቢ።

ዓርብ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። በሩ አብጧል፤ በትከሻዬ ገፋሁት። አልጋው አለ። ሙሰብሓዋ፣ መቁጠሪያዋ፣ አለ። አቧራ። አላለቀስኩም።

ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። የቀጠልኩትን በቁስል ፕላስተር ነበር የጠቀለልኩት፤ ያኔ ከቤት የማይጠፋው እሱ ነበር። ዝናብ ግድግዳውን አርሶት መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ቀፎዋን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ያዝኩ። ሽሮው ይንተከተካል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅጥያውን በቢላዋ ቆረጥኩት። ዋናውን ልጬ ሁለቱን ጫፎች ገጠምኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሞደሙ ጥቂት ቆየና መብራቱ ረጋ።

ሙናን አገኘኋት።

«አባ፣ ጥርት ብለህ ታየህ! ውይ፣ ሸብተሃል እኮ!»

«ድሮም ሸብቼ ነበር፤ መስመሩ ነው የደበቀልኝ።»

ከጁምዓ በኋላ ዘሀራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሸኹ ቃሉን አስያዙኝ። «ልጄን ሙናን ድሬልሃለሁ» አልኩ። ድገሙት አላሉኝም። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ። ከጅዳ እልልታው መጣ፣ ዘሀራም እዚህ አቀለጠችው። እኔ አያቸዋለሁ። ደስታው ወደ በኋላ ይደርሰኝ ይሆናል።

ዱዓው ሳያልቅ የሳሎኑ ስልክ ጠራ። ብቻውን። የሙና ፊት አልቆመም፣ ትስቃለች።

ሳልጠብቅ አነሳሁት።